የሙዝ ሚዛን

ሐሙስ ኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወንድሜ ሕዝቅኤል፣ አርባ ምንጭ አጠገብ ጫኖ ላይ፣ ሙዝ በሚጫንበት ሜዳ ሚዛን ላይ ወጣ። ጫማውን አወለቀ፤ ስልኩንና የመኪና ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ጫኞቹ ከአይሱዙው ላይ እየዘለሉ ወርደው ከበቡት። መዛኙ ብረቱን ገፋ፣ መለስ አደረገ፣ እንደገና ገፋና ቀና አለ።

«ሰማንያ አንድ!»

ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ።

«ጋሽ ኩንታል ሞተ!» ብሎ ጮኸ አንዱ ጫኝ። «ከእንግዲህ ጋሽ ሰማንያ ነው!»

ሕዝቅኤል እጁን ወደ ላይ አንስቶ እንደ አሸናፊ ሯጭ አውለበለበ። ለሁሉም ለስላሳ እንዲታዘዝ አደረገ። እሱ ግን ውኃ ጠጣ።

የዚያን ሜዳ ልማድ ለማያውቅ ልንገር። ሙዙ ተመዝኖ መኪና ላይ ተጭኖ ሲያልቅ፣ ከመጨረሻው ዘለላ በኋላ ነጋዴው ራሱ ሚዛን ላይ ይወጣል። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እኔ ለጫኞቹ ምግብ መሸጥ ስጀምር ነበረ። ኪሎው የጨመረ ነጋዴ «ንግዱ ሰመረለት» ተብሎ ይጨበጨብለታል፤ የቀነሰ ደግሞ «ምነው፣ ሚስትህ ድስት መጣድ ተወች?» ይባላል። ወንድሜ የዚያ ሜዳ ከባድ ሰው ነበር። መቶ አራት ድረስ ደርሷል። «ጋሽ ኩንታል» የሚለው ስም የወጣለት ለዚህ ነው፤ አዲስ አበባ ያሉ ሙዝ ተቀባዮች እንኳ በስልክ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነበር።

ታዲያ በ2015 ጥር ውኃ ውኃ እያለው አላስቀምጠው ሲል በከተማው ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄደ። ስኳር እንዳለበት ተነገረው። ዶክተሯ ልክነሽ ትባላለች፤ ደብረ ታቦር ተወልዳ አርባ ምንጭ ለሥራ መጥታ የቀረች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ለስላሳውን አቁም፣ ተራመድ፣ ክብደት ቀንስ አለችው። የጉበቱም ምርመራ ስላላማራት ደሙን ለቫይረስ እንዲያሳይና አልትራሳውንድ እንዲነሳ አዘዘች።

መጀመሪያ የታዘዘውን ሁሉ ሊያደርግ ተነሣ። ጠዋት ጠዋት ከሲቀላ ተነሥቶ ያንን ዳገት ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሴቻ በእግሩ ይወጣ ጀመር። ባጃጅ ነጂዎቹ አጠገቡ ቀስ ብለው «ጋሼ፣ በነፃ ላድርስዎ?» እያሉ ይስቁበታል። ለስላሳውንም ቀነሰ። ለእሱ ይህ ቀላል አልነበረም። ሕዝቅኤል የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ በልጅነቱ ካመነ ጀምሮ አልኮል በአፉ አልዞረም። ነጋዴዎች ሒሳብ ሲዘጉ ቢራ ሲያዝዙ እሱ ለስላሳ ያዝዛል፤ ሌላ ዙር ሲመጣ ሌላ ለስላሳ። «እኔ የምሰክረው በጠርሙሱ ነው» ይል ነበር።

ኪሎው ሲወርድ ሜዳው ልማዱን ለእሱ ሲል ገለበጠው። ሐኪም ያዘዘው መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ በቀነሰ ቁጥር ይጨበጨብለት ጀመር። ከመቶ በታች ሲወርድ «ኩንታሉ ጎደለ!» ተባለ። የጉበቱን ምርመራ ስጠይቀው «ዋናው ክብደት ነው፣ እትዬ። እሱ ከወረደ ሌላው ተከትሎት ይወርዳል። ሚዛኑን አታዪም?» ይለኛል።

ክረምቱ ሲገባ የሙዝ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ሥራ በዛበት፤ የጠዋት መንገዱን ተወው። ቀኑን ሙሉ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በስልክ ይነጋገራል። ማታ አሳ ጥብስ ይበላል። መራመዱን ካቆመ ወራት አልፎት ነበር። ኪሎው ግን መውረዱን አላቆመም።

ወደዚያ ሐሙስ ልመለስ። ከሚዛኑ ሲወርድ ታናሽ ወንድማችን ባርኮት ቆሞ ያየዋል። ባርኮት የሕዝቅኤል ረዳት ነው፤ ሙዙን ከገበሬው ማሳ የሚያስቆርጠው እሱ ነው። እሱም ወፍራም ነው፤ ሳቁ ከሩቅ ይሰማል።

«አንተ ሰውዬ» አለው፣ «እጅና እግርህ ሲከሱ ሆድህን የት ረሳኸው? እርጉዝ መስለሃል እኮ! መቼ ነው የምንጠይቅህ? ገንፎ እናስገንፋ?»

ጫኞቹ በሳቅ ወደቁ። ሕዝቅኤልም ሳቀ። ቁልፉን ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ የሸሚዙ እጅጌ ወደ ላይ ተሰበሰበና ክንዱን አየሁት። ከዚያ በፊት ሁሌ እጀ ረጅም ስለሚለብስ አላየሁትም ነበር። ቁልፉን ሳልሰጠው ክንዱን ያዝኩት። አጥንቱ ላይ ቆዳ ብቻ ነበር።

«ሕዝቅኤል፣ ይሄ የእማማ ክንድ ነው።»

ሳቁን ቀስ ብሎ አቆመ። ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቶታል።

እናታችን የዶርዜ ሰው ናት። ጥጥ ትፈትላለች፣ እንጨት ትሸከማለች፣ ያንን ተራራ ወጥታ ትወርዳለች፤ አንድም ቀን ሥጋ አልሞላትም። በስተርጅናዋ ክንዷ ሰለለ፣ ሆዷ ውኃ ቋጠረ። ስልሳ ሞልቷት ወይም ተቃርባ ነበር፤ የተወለደችበትን ዓመት የሚያውቅ የለም። ዘመዶቻችን «ጎሜ ነው» አሉ። ጎሜ በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ደንብ መተላለፍ ነው፤ ሰው የደበቀው ጥፋት በሽታ ሆኖ በቤቱ ላይ ይወጣል ይባላል፤ ካልተናገረው አይለቅም። ሽማግሌዎች መጥተው ዙሪያዋን ተቀመጡና የደበቅሽውን ተናገሪ አሏት። እናቴ ምንም አልነበራትም። ሳትናገር ሞተች፤ ዝምታዋም ተቆጠረባት።

ሰኞ ከሕዝቅኤል ጋር ሆስፒታል ሄድን። አልትራሳውንድ ተነሣ፣ ደም ሰጠ፣ ለሌላ ቀን ተቀጠረ፤ ሌላ ምርመራም ታዘዘ። ውጤቱ ሲጠቃለል ሁሉንም ይዘን ወደ ዶክተር ልክነሽ ተመለስን፤ ከሌላ ሰው መስማት አልፈለገም። ወረቀቶቹን አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«ጉበትህ ላይ እብጠት አለ፣ ሕዝቅኤል። ትልቅ ነው። ከቦታውም ወጥቷል።»

«ካንሰር ነው?»

«አዎ።»

ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ጠጥቼ አላውቅም» አለ። «አንድ ቀን። በሠርጌ ዕለት እንኳ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ወንበሯን ወደ እሱ አቀረበች። «በደምህ ውስጥ የጉበት ቫይረስ አለ። ስትወለድ ከእናትህ የተላለፈ ይመስለኛል። የነገርከኝ የእሷም ሕመም ይህንኑ ይመስላል። ቫይረሱ ብዙ ሰው ላይ ለዓመታት ዝም ብሎ ይቀመጣል። እናትህን ስልሳ ዓመት አቆይቷታል። አንተ ላይ ግን ሌላም ተጨመረበት። ጉበትህ ስብ ሞልቶታል፣ ስኳሩ አለ፣ ያ ሁሉ ክብደት ነበረ፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ አለ። መጠጥ ቢኖርማ እሱም ያፋጥነው ነበር። መጠጥ ብቻ ግን አይደለም የሚያፋጥነው። አንዱ ብቻ ቢሆን ምናልባት ይዘገይ ነበር። ሲደራረቡ ሰውን በወጣትነቱ ያገኙታል።»

«ስንት ዓመት ወሰደብኝ?»

«ያንን ማንም ሊነግርህ አይችልም።»

አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን አየ።

«እናቴ ከስታ ሞተች» አለ። «እኔ እንደሷ እንዳልሆን ብዬ ነበር የምበላው።»

ዶክተር ልክነሽ መነጽሯን መልሳ አጠለቀች። «እህትና ወንድም አለህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ይህችው አበቡ አለች። አንድ ወንድም አለኝ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው።»

«ክብደቱስ?»

ሕዝቅኤል ወደ እኔ ዞር አለ። በዚያን ቀን ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት። «ዘጠና ስምንት» አላት። «ባለፈው ሐሙስ መዝነነዋል።»

«ሁለቱም ይመርመሩ። ሚስትህም። ልጅህ ስትወለድ ክትባት ወስዳ ከሆነ ለእሷ ብዙ አያሰጋም። ወንድምህ ግን ዛሬ ነገ እንዳይል። ቫይረሱ ካለበት መድኃኒት አለ፣ ክትትል አለ። እሱ ገና ጊዜ አለው።»

እሱ ገና ጊዜ አለው። ያንን ስትል ሕዝቅኤል ዓይኑን ጨፈነ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ። ከዚያ «ማዪልኝ» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«ጨጓራ ነው በይ። ለማንም። ለዮርዳኖስ እኔ እነግራታለሁ፤ ሚስቴ ናት፣ አትናገርም።»

«ለምን?»

«ጉበት የሰካራም በሽታ ነው፣ እትዬ። ሁሉም የሚያውቀው እንደዚያ ነው። ሽመክትን ከመዘምራን ያስወጣሁት ማን መሰለሽ? አረቄ ሸተትክ ብዬ በጉባኤ ፊት ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ነገ ጉበት ሲባል ምን ይላሉ? ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ስም ነው።»

«ባርኮትስ? የተባለውን ሰምተሃል።»

«ለባርኮት መንገር ለሜዳው መንገር ነው። እሱ የሰማውን ጫኞቹ ሙዙን ሳይጭኑ ያውቁታል። ትንሽ ቆዪ። እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።»

ማልኩለት። ያ «ትንሽ ቆዪ» ገናን አለፈ፣ ጥምቀትን አለፈ።

ሕዝቅኤል ወደ ሜዳ መምጣት አቆመ። ሥራውን ባርኮት ያዘው። የመኪናው ቁልፍ ለእሱ ተሰጠ፤ ከገበሬ ማሳ ማሳ በእግሩ መዞሩን ተወና እሱም እንደ ወንድሙ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በስልክ ያስቆርጥ ጀመር። ጫኞቹ ስሙንም አወረሱት። አንድ ቀን ከሚዛኑ ላይ «መቶ አንድ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ፤ «ጋሽ ኩንታል ተነሣ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። እኔ ኩርኩፋ እየጨለፍኩ ነበር፤ የበቆሎ ድብልብል ከሽፈራው ቅጠል ጋር የምቀቅለው ምግብ ነው።

ባርኮት ላብ በላብ ሆኖ መጣና ሰሐኑን ዘረጋ። «እትዬ፣ ቅቤ ጨምሪበት። የሚያቃጥለውን ዳታም አትሰስቺ።»

«ባርኮት፣ ለምን አትመረመርም?»

«ምኔን?»

«እንዲሁ። ስኳርህን፣ ደምህን።»

«ሕዝቅኤል ጤነኛ ሰው ነበር» አለ እያኘከ። «ክሊኒክ የገባ ቀን ነው የታመመው። ስኳር አሉት፤ ከዚያ ጨጓራ አሉት። እኔ ከሄድኩ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? እርጉዝ ነህ ነው የሚሉኝ!»

በራሱ ቀልድ ራሱ ሳቀ። አንድ ቃል ብናገር የሚድነው ሰው ከፊቴ ቆሞ ይበላል፤ እኔ ግን መሐላዬን ይዤ ቅቤ ጨመርኩለት።

በየካቲት መጀመሪያ እኔ ተመረመርኩ። ቫይረሱ አለብኝ። ጉበቴ ላይ ግን ምንም አልታየም። ዶክተር ልክነሽ «ቀጭን ነሽ፣ ቀኑን ሙሉ በእግርሽ ነሽ፤ ይህ ይረዳሻል። ዋስትና ግን አይደለም፤ በቀጠሮሽ ነይ» አለችኝ። ከእሷ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሕዝቅኤል ቤት ሄድኩ። አልጋው ሳሎን ተዘርግቶለት ነበር፤ ዓይኑ ነጩ ቢጫ ሆኗል፤ ሆዱ አንሶላውን ወደ ላይ ገፍቶታል።

«እኔም አለብኝ» አልኩት። «እማማ ለሁላችን ነው የሰጠችን። ባርኮት የሚያመልጥ ይመስልሃል?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጀርባውን እያየሁ ብዙ ተቀመጥኩ።

በሳምንቱ ቅዳሜ አጎታችን ዳና ከጨንቻ ወረደ። የእናታችን ታናሽ ወንድም ነው። ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ በእጁ ለእርቅ የሚያዝ እርጥብ ሣር ይዞ ገባ። ባርኮት ከሜዳ ተጠርቶ መጥቷል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ዕዝራም ሊጸልይ መጥቶ አልጋው አጠገብ ነበር፤ ሣሩን ሲያይ ፊቱን አጨፈገገ።

ዳና በጋሞኛ ነው የተናገረው። «ልጄ፣ እናትህ ሳትናገር ሄዳለች። አንተ እንዳትደግመው። የደበቅከው ካለ አውጣው፤ ጎሜው ይልቀቅህ።»

«በአማኝ ቤት ጎሜ አይጠራም» አለ ዕዝራ።

«አማኝ አይታመምም እንዴ?» አለው ዳና ዞር ሳይል።

«ይታመማል። ግን…»

«እንግዲያው ተወን። አንተ ጸሎትህን እስክትጨርስ ዝም ብለን ጠብቀንሃል።»

ከዚያ ወደ ሕዝቅኤል ጠጋ አለ። «ሰው የሚለውን ሰምተናል። ጨንቻ ገበያ ድረስ ደርሷል። ጉበቱ ነው ይላሉ። ጉበት ያለ አረቄ አይታመምም። በሥውር ጠጥተህ ከሆነ ወንድ ሁንና ተናገር፤ ማንም አይፈርድብህም።»

ባርኮት ብድግ አለ። «ማነው ያለው? ጨጓራ ነው! ወንድሜ ጠጥቶ አያውቅም! ጨጓራ ነው ብለናል!»

ባርኮት ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያንን ውሸት በሙሉ ልቡ ተሟገተለት። ዮርዳኖስ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ሕዝቅኤል ወንድሙን አየው፤ ለረጅም ጊዜ አየው።

«አንሡኝ» አለ።

እኔና ዮርዳኖስ ትራስ ደግፈን አስቀመጥነው።

«የደበቅሁት አለ።»

ዕዝራ አንገቱን ደፋ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እህ» አለ፣ እንደሚጠብቀው ነገር እንደደረሰ ሰው።

«አጎቴ እውነቱን ነው፤ ጉበቴ ነው። ካንሰር ነው። የእማማ በሽታ በደሜ ውስጥ አለ፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ነበረ። እኔ ደግሞ በላሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ወፈርኩ፣ እየጨበጨባችሁልኝ ወፈርኩ። በእሷ ዕድሜ የሚመጣው በእኔ በአርባ አንድ መጣ።» ትንፋሽ አጠረው፤ ጠበቅነው። «አበቡም አለባት፤ ተመርምራለች። ባርኮት፣ ባንተም ሊኖር ይችላል። ከኅዳር ጀምሮ አውቃለሁ። ሐኪሟ ዛሬውኑ ንገረው ብላኝ ነበር። ስሜን ብዬ አንተን ተውኩህ።»

ባርኮት ቆሞ ቀረ። የመኪናው ቁልፍ በእጁ ነበር፤ የሚያደርግበት ጠፍቶት ያገላብጠዋል።

ዳና ጥቂት አሰበና ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «መጠጡስ?»

«መጠጥ የለም፣ አጎቴ።»

«ምንም?»

«ለስላሳ ነው» አለ ባርኮት። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። «በሳጥን ለስላሳ ነው የሚጠጣው።»

ከሁላችን የሳቀው ሕዝቅኤል ብቻ ነው፤ ሳቁም ወዲያው ሳል ሆነ።

ዳና ሣሩን ለሁለት ከፍሎ አንዱን በሕዝቅኤል እጅ፣ አንዱን በባርኮት እጅ አስያዘ። «ወንድምን የሚነካ ነገር መደበቅ፣ ጎሜ እሱ ነው» አለ። «ተነገረ። አበቃ። አሁን ትድናለህ።» በዚህ አምኖ፣ ልቡ ቀሎት፣ ከመጨለሙ በፊት በነበረው የጨንቻ መኪና ተመለሰ። ዕዝራ ሲወጣ የሕዝቅኤልን ግንባር ሳመው እንጂ ስለ ሣሩ ምንም አልተናገረም።

ባርኮት እኔን በር ላይ ጠበቀኝ።

«ታውቂ ነበር።»

«አስምሎኛል።»

«መቶ አንድ ስባል እዚያው ነበርሽ። ቅቤ ጨምሪ ስልሽ እዚያው ነበርሽ!» ሣሩን መሬት ላይ ሊጥለው እጁን አነሣና መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ለብዙ ቀን አላናገረኝም። ወደ ሕዝቅኤል ግን በየማታው ይመጣ ነበር፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ምን ያህል ሙዝ እንደተጫነ፣ የትኛው ገበሬ እንዳስቸገረ ይነግረዋል። ሌላውን ነገር ሁለቱም አላነሱትም።

ወንድሜ ተናገረ፤ አልዳነም። በመጋቢት አጋማሽ፣ እሑድ ጠዋት፣ የአምልኮው መዝሙር ከሩቅ እየተሰማ አረፈ። ልጁ የአብስራ የእሑድ ትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ ቆማ ነበር፤ ማን ይውሰዳት እየተባለ ማንም ሳይወስዳት።

የጫኖ ሜዳ በማግስቱ አልጫነም። ጫኞቹ በሁለት አይሱዙ ተጭነው ለቀብር መጡ። መዛኙ ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ ሲያነሡት ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «ቀላል ነው» ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ ከንፈሩን ነከሰ።

ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ከጀርባዬ የሚወራውን ሰማሁ። «በለስላሳው ጠርሙስ ውስጥ ይቀላቅል ነበር አሉ።» «እሱ ነው እንጂ፤ ጉበት በባዶው ይታመማል?» ዞሬ ማን እንደሆነች አላየሁም። ወንድሜ በገዛ አፉ፣ በሽማግሌ ፊት የተናገረው ቃል አፈሩ ሳይደርቅ እንዲህ ተለወጠ።

ሽመክትም መጥቶ ነበር፤ ከመዘምራን የተባረረው። ጠጥቷል። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ አልገባም፣ አልሄደም። ባርኮት ወጥቶ እጁን ያዘው።

«ግባ፣ ጋሽ ሽመክት።»

«እኔ ነኝ ጠጪው» አለ ሽመክት። «ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እኔ ቆሜ እሱ ይሞታል?»

ባርኮት አቅፎት ቆየ። ከዚያ ይዞት ገባ፤ አጠገቡ አስቀመጠው።

ከሠልስቱ በኋላ ባርኮት ወደ ሜዳ ተመለሰ። የመጀመሪያው መኪና ተጭኖ ሲያልቅ ጫኞቹ እንደ ልማዳቸው ሚዛኑን ለቀውለት ዙሪያውን ቆሙ። አንዱ ማጨብጨብ ሊጀምር እጁን አነሣ። ባርኮት ሚዛኑን አየው። ጫማውን አላወለቀም።

«እዚህ ላይ ሙዝ ብቻ» አለና ወደ እኔ መጣ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የሚያናግረኝ። «እትዬ፣ ያቺ ሐኪም የት ነው ያለችው?»

አብረን ሄድን። ደሙን ሲቀዱት ፊቱን አዞረ፤ የዘመዶቹን ስም የሚጠራ ይመስል ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ቫይረሱ ተገኘበት። ጉበቱም ስብ ነበረው። ዶክተር ልክነሽ መድኃኒት ጀመረችለት፤ በየስድስት ወሩም ሆዱን በአልትራሳውንድ እንዲታይ ቀጠረችው። ዮርዳኖስ ነፃ ናት፤ የአብስራም በክትባቱ ተርፋለች።

ባርኮት አሁን ከማሳ ማሳ በእግሩ ነው የሚዞረው። ለስላሳ በአጠገቡ አያሳልፍም። ክብደቱን የሚለካው ክሊኒኩ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ ነው። ሲወጣ ፊቱን አያለሁ። ሁለት ኪሎ ቀነስኩ ሲለኝ ደስታዬ ይጀምርና መሐል ላይ ይቆማል፤ ኪሎው በመራመድ የወረደ ይሁን በሌላ ነገር የወረደ አላውቅም። እሱም አያውቅም። ክንዱን እይዘዋለሁ፤ እሱም የሸሚዙን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስቦ ያሳየኛል። ከዚያ ወደ ባጃጁ እንሄዳለን።

ባለፈው ጥር ባርኮት በቀጠሮው ታየ። ጉበቱ ላይ እብጠት አልተገኘም። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የሚቀጥለው ቀጠሮው ሐምሌ ነው።